የቱ ደወል?

በ2010 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን አራት ሆነን ዘጌ አድረን ነበር፡፡ ዘጌን ለማታውቁ፣ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ፣ ወደ ጣና ገባ ብሎ የተቀመጠ፣ በቡና ጫካ የተሸፈነ ልሳነ ምድር ነው፡፡ እነ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ እነ አዝዋ ማርያም እዚያው ጫካ ውስጥ ተሸሽገው ይገኛሉ፡፡ ያደርነው ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን እምብዛም በማይርቅ የቡና ገበሬ ቤት፣ መደብ ላይ ነው፡፡

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ደወል ተደወለ፡፡ ደወል ስንል የከተማውን የብረት ደወል እንዳታስቡ፡፡ በጣና ገዳማት እስከ ዛሬ የድንጋይ ደወል አለ፡፡ ረዘም ያሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ይንጠለጠሉና በሌላ ትንሽ ድንጋይ ይመታሉ፡፡ ድምፁን ሳያዩ የሰሙት ሰዎች ድንጋይ ነው ቢሏቸው አያምኑም፡፡ ብረት ብረት ይላል፤ መረዋ ነው፡፡ አራታችንም በአንድ ጊዜ ብድግ አልን፡፡ አንዳችን እንዲያውም ባትሪ ፍለጋ የሰው ጫማ ውስጥ እጁን ከቷል፡፡

አባወራው ግን ያንኮራፋል፡፡ ደወሉ አለቀ፣ ውሻው ጮሆ ዝም አለ፣ እሱ እቴ! ጥቂት ቆይቶ ጥግ ላይ የተኛችው ሕፃን ከሳል ያነሰች አንዲት ድምፅ አሰማች፡፡ ደወሉ ሲደወል ንቅንቅ ያላለችው እናቷ፣ ሕፃኗ ሁለተኛውን ሳትደግም ደርሳ አቀፈቻት፡፡

ጠዋት ቡና ላይ አባወራው እንዴት እንዳደርን ጠየቀን፡፡

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ፤ ደወሉ ትንሽ ቀሰቀሰን እንጂ ደህና አደርን፡፡»

«የቱ ደወል?»

ባለቤቱ ሳቀችበት፡፡ «እሑድ እሑድ እኮ በዚሁ ደወል ነው ከሁላችንም ቀድሞ የሚነሳው!»

እንግዲህ ጎበዝ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው፡፡ ያው ደወል፣ ያው ጆሮ፣ ያው ሰውዬ፡፡ በአዘቦት ቀን አልሰማም፣ እሑድ ሰማ፡፡ ተኝቶ የማይሰማ ከሆነ ቀኑ እሑድ መሆኑን ማን ነገረው? የሚሰማ ከሆነስ ለምን «የቱ ደወል?» አለን? ያን ጊዜ ሳቅን፣ ቡናችንን ጠጣን፣ ተመለስን፡፡ ጥያቄው ግን አብሮን መጣ፡፡ ኋላ ስናነብ ደግሞ ፈረንጆቹ በዚሁ ጥያቄ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሲታገሉበት መኖራቸውን አወቅን፡፡ (ከዚህ በታች የነሱን ዓመት በነሱ አቆጣጠር፣ የኛን በኛ እንጽፋለን፡፡ አትደናገሩ፡፡)

በመዶሻ የተለካ እንቅልፍ

1862 አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ያንን መዘዘኛ ደብዳቤ የጻፉበት ዓመት ነው፡፡ በዚያው ዓመት ኧርንስት ኮልሹተር የሚባል ጀርመናዊ የእንቅልፍን ክብደት በመዶሻ ለካሁ አለ፡፡ መዶሻው እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም የሚወዛወዝ ነው፡፡ ከፍ አድርገው ሲለቁት ድምፁ ይጎላል፣ ዝቅ ሲያደርጉት ይቀንሳል፡፡ ሰውዬው እንዲተኛ ይደረግና ሌሊቱን በየጊዜው መዶሻው ይለቀቃል፡፡ ለመንቃት ምን ያህል ድምፅ አስፈለገው? ይመዘገባል፡፡ (የተኛው ሰው ምን ያህል እንደተከፈለው አላገኘንም፤ የሚገባውን ያህል እንዳልሆነ ግን እንጠረጥራለን፡፡) ውጤቱ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተሻረም፡፡ እንቅልፍ በጣም የሚከብደው በመጀመሪያዋ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ ንጋት እየሳሳ ይሄዳል፡፡

ይህን ስናነብ ዘጌ ትዝ አለን፡፡ ምሽት ሁለት ሰዓት የተኛ ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከባዱን እንቅልፍ ጨርሷል፡፡ የጣና አባቶች የጸሎቱን ሰዓት የወሰኑት የእንቅልፍ ምርምር አድርገው ነው አላልንም፡፡ ሌሊት ተነስቶ ማመስገን የራሱ የሃይማኖት ምክንያት አለው፤ የሰዓታቱን መጽሐፍ የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፡፡ ነገር ግን ለዘመናት በየሌሊቱ ሰውን ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ የኖረ ቤት ስለ እንቅልፍ የሚያውቀው ነገር መኖሩ አይቀርም፡፡

ስለ ደዋዩም እናስብ፡፡ ሁሉን በደወል የሚቀሰቅሰውን እሱን ማን ይቀሰቅሰዋል? የጠረጴዛ ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ዶሮ አለ፣ ኮከብ አለ፣ ከሁሉ በላይ ግን ልማድ አለ፡፡ በ1999 ጀርመን ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ሰዎችን «በ12 ሰዓት እንቀሰቅሳችኋለን» ብሎ አስተኛቸውና ደማቸውን መረመረ፡፡ ከቀጠሮው በፊት ባለችው አንድ ሰዓት ውስጥ፣ ገና ተኝተው ሳለ፣ ሰውነትን ለመንቃት የሚያሰናዳ ሆርሞን በደማቸው ውስጥ ከፍ ማለት ጀምሮ ተገኘ፡፡ ቀጠሮውን ያልተነገራቸው ላይ እንዲህ አልሆነም፡፡ እናላችሁ፣ ቀጠሮ ይዞ መተኛት ማለት እውነትም ቀጠሮ ይዞ መተኛት ነው፡፡

የኮልሹተር መዶሻ ግን የማይመልሰው ነገር አለ፡፡ እሱ የለካው ጩኸትን ብቻ ነው፡፡ በሱ መለኪያ ከሄድን ደወል ከሕፃን ድምፅ መብለጥ ነበረበት፡፡ ዘጌ ላይ ያየነው ተቃራኒውን ነው፡፡

ውኃና ሕልም

ከኮልሹተር አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1861፣ አልፍሬድ ሞሪ የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር ስለ እንቅልፍና ሕልም መጽሐፍ አሳትሟል፡፡ ሰውዬው ሲተኛ ሌላ ሰው አጠገቡ ያስቀምጥና ፊቱን በላባ ያስነካል፣ ሽቶ ያስሸትታል፤ ሲነቃ ሕልሙን ይጽፋል፡፡ በጣም የታወቀችው ታሪኩ ግን ሳያስበው የመጣችው ናት፡፡ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ ጊሎቲን ላይ ወጥቶ አንገቱ ሲቆረጥ አለመ፡፡ ብንን ሲል የአልጋው እንጨት ወድቆ አንገቱ ላይ አርፏል፡፡ እንጨቱ ነው ያን ሁሉ ክስና ፍርድ በቅጽበት የደረሰው? ፈረንጆቹ ለብዙ ዓመታት ተከራከሩበት፡፡

ተጨባጭ ቁጥር የመጣው በ1958 ነው፡፡ ዊልያም ደመንትና ኤድዋርድ ዎልፐርት ሰዎች በሕልም እንቅልፍ ላይ ሳሉ ቀዝቃዛ ውኃ ይረጩባቸው፣ መብራት ያበሩባቸው፣ ድምፅ ያሰሟቸው ነበር፡፡ ከዚያ ቀስቅሰው ሕልማቸውን ይጠይቃሉ፡፡ ውኃው 42 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ሕልሙ ውስጥ ገብቶ ተገኘ፡፡ መብራቱ 23 በመቶ፣ ድምፁ 9 በመቶ ብቻ፡፡ በክረምት የሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ያደገ ሰው ለዚህ ጥናት አያስፈልገውም ነበር፡፡ ጣና ውስጥ ስትሰጥሙ አድራችሁ የምትነቁት ትራሳችሁ ርሶ ነው፡፡

እንግዲህ ነገሩ ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው፡፡ በሩ አልተዘጋም፡፡ ማን ነው ግን በሩ ላይ የተቀመጠው?

አንኳኩ

ሐንስ በርገር የሚባል የጀርመን ሐኪም በ1924 ከሰው ራስ ቅል ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ መዘገበ፤ አምስት ዓመት በዝምታ ይዞት ቆይቶ በ1929 አሳተመ፡፡ ከዚያ በኋላ ሰውን ሳይቀሰቅሱ ተኝቶ የሚሠራውን ማየት ተቻለ፡፡ ይህን ዕድል ከማንም በላይ የተጠቀመበት ደግሞ ፕሮፌሰር አልነበረም፤ አልፍሬድ ሉሚስ የሚባል የኒውዮርክ የባንክ ሰው ነው፡፡ ከገንዘቡ ብዛት ተክሲዶ ፓርክ የሚባል ሠፈር ውስጥ የግል ላቦራቶሪ አቁሞ ሰዎችን ራሳቸው ላይ ሽቦ እየለጠፈ ያስተኛ ነበር፡፡ (የኛ ባለሀብቶች ሕንፃ ሲያቆሙ ይኸ ሐሳብ ቢመጣላቸው ምን ነበረበት?)

በ1937 ሉሚስና ባልደረቦቹ እንቅልፍ በደረጃ የተከፋፈለ መሆኑን አሳዩ፡፡ በ1938 ደግሞ የኛን ጥያቄ የምትነካዋን ነገር ጻፉ፡፡ የተኛ ሰው ድምፅ ሲሰማ፣ ሳይነቃ፣ አንዲት ትልቅ ሞገድ ከአንጎሉ ብድግ ብላ ትመለሳለች፡፡ ኬ-ኮምፕሌክስ አሏት፡፡ «ኬ» በእንግሊዝኛ ማንኳኳት ከሚለው ቃል የመጣች ናት የሚሉ አሉ፡፡ የመጣችበት ሁሉ ቢቀር ስሙ ያምራል፡፡ አንድ ሰው በር ያንኳኳል፤ ውስጥ ያለው ሳይከፍት በቀዳዳ አይቶ ይመለሳል፡፡ የዛሬ ተመራማሪዎችም ይህቺ ሞገድ ሁለት ሥራ እንዳላት ያስባሉ፡፡ የመጣውን ድምፅ ታያለች፤ አሳሳቢ ካልሆነ ደግሞ እንቅልፉ እንዳይበተን ትይዘዋለች፡፡

በዚያው ዘመን ግን ጠንካራ ተቃራኒ ሐሳብ ነበር፡፡ ቤልጅጋዊው ፍሬደሪክ ብሬመር በ1935 በድመት አንጎል ላይ ሠርቶ፣ እንቅልፍ ማለት ከውጭ የሚመጣው ስሜት ሲቋረጥ የሚከተል ዝምታ ነው አለ፡፡ በ1949 ሞሩዚና ማጉን የተባሉ ሁለት ሰዎች ነገሩን ገለበጡት፡፡ በአንጎል ግንድ ውስጥ ጠቅላላውን አንጎል የሚያነቃ መረብ አለ፤ እሱን በኤሌክትሪክ ሲነኩት የተኛ አንጎል የነቃ ሰው ሞገድ ያወጣል፡፡ ስለዚህ ድምፅ ወደ ጆሮ መግባቱ ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ፡፡ ያ መረብ ይነሳ ወይስ ይተኛ የሚለው ውሳኔ ነው፡፡

«ሳሙኤል!»

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ትንሹ ሳሙኤል ቤተ መቅደስ ውስጥ ተኝቶ በስሙ ሲጠራ የሚነሳበትን ታሪክ ሰንበት ትምህርት ቤት ያልሰማ የለም፡፡ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ወደ ዔሊ ይሮጣል፤ ዔሊ አልጠራሁህም ይለዋል፡፡ በልጅነታችን ከዚያ ቀጥሎ ይመጣብን የነበረው የአያቶች ማስጠንቀቂያ ነው፡፡ ሌሊት ስምህ ሲጠራ ቶሎ «አቤት» አትበል፣ እስኪደገም ጠብቅ ይባላል፡፡ የሚጠራው ማን እንደሆነ አይታወቅምና፡፡

በ1960 እንግሊዝ አገር ኢያን ኦስዋልድ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ ላቦራቶሪ ውስጥ አስገባው፡፡ እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን አስተኝተው ብዙ ስሞች የተቀዱበትን ቴፕ ከፈቱላቸው፡፡ ከስሞቹ መካከል የተኛው ሰው የራሱ ስም አለ፡፡ ስማችሁን ስትሰሙ እጃችሁን ጨብጡ ተብለዋል፡፡ ተኝተው ጨበጡ! ሁልጊዜ አይደለም፡፡ ግን ለራሳቸው ስም የሚነሳው ኬ-ኮምፕሌክስ ለሌላው ስም ከሚነሳው በግልጽ በለጠ፡፡ ስሞቹ ሁሉ የተነገሩት በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ልዩነቱ በጩኸት አይደለም፡፡ የተኛው አንጎል ቃሉን ለይቶታል ማለት ነው፡፡

ለኛ ይቺ ከሁሉ የበለጠች ጥናት ናት፤ የኮልሹተርን መዶሻ ጡረታ አስወጥታዋለች፡፡ ከዚያ በኋላ የመጣው አብዛኛው ማጠናከሪያ ነው፡፡ በ1999 ሊዮን ላይ፣ ሕልም በሚታይበት እንቅልፍም ቢሆን የራስ ስም የተለየ ምላሽ እንደሚያስነሳ ታየ፡፡ በ2000 ለንደን ላይ የአንጎል ፎቶ በሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ ሰዎችን አስተኝተው ስማቸውን ሲጠሩ፣ ፍርሃትንና ስሜትን የሚከታተለው አሚግዳላ የሚባለው ክፍል ተቀሰቀሰ፡፡ በ2014 ፓሪስ ላይ ሰዎች እያንቀላፉ የሚሰሙትን ቃል እንስሳ ወይስ ዕቃ እያሉ ቀኝና ግራ እጅ በመጫን እንዲለዩ ተደረገ፤ እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላም አንጎላቸው ትክክለኛውን እጅ ለማንቀሳቀስ ሲዘጋጅ ተገኘ፡፡ በ2021 ደግሞ የአራት አገር ላቦራቶሪዎች ሕልም ውስጥ ላሉ ሰዎች ቀላል የሒሳብ ጥያቄ ጠይቀው በዓይን እንቅስቃሴ መልስ ተቀበሉ፡፡ ነቅተን የምንሳሳተውን እነሱ ተኝተው ይመልሳሉ፡፡

ጋሼንም ይኸው ያስረዳዋል፡፡ በ1960ዎቹ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶች ከመተኛቱ በፊት «ይቺን ድምፅ ስትሰማ ተነሳ» የተባለ ሰው ያቺን ድምፅ ከሌላው አብልጦ እንደሚነሳባት አሳይተዋል፡፡ ቅዳሜ ማታ ጋሼ ሲተኛ ደወሉ «ጉዳዩ» ነው፡፡ በአዘቦት ማታ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው፡፡ ለሚስቱ ደግሞ ጉዳዩ ያለው ጥግ ላይ ነው፡፡

ኦስዋልድን ሳንለቅ አንዲት ነገር እንጨምር፡፡ በዚያው በ1960 ዓይናቸው በፕላስተር እንዳይከደን የተደረጉ ወጣቶች ፊት ለፊት መብራት እያብለጨለጨ፣ እግራቸውን በኤሌክትሪክ እየነዘረ፣ ጆሯቸው ላይ ሙዚቃ እየጮኸ እንዲቀመጡ አደረገ፡፡ ሁሉም ነገር በአንድ ዓይነት ምት ነው የሚደጋገመው፡፡ ተኙ፡፡ ዓይናቸው እንደተከፈተ፡፡ እንግዲህ ማኅሌት ላይ ጽናጽልና ከበሮ በሚመታበት መካከል መቋሚያውን ብብቱ ሥር ይዞ ቆሞ የሚያንቀላፋውን ሰው ተዉት፤ አትሳቁበት፡፡ አንቀላፋ ያልነው ሰው ዜማው ሲለወጥ ደግሞ ቀድሞ ነው የሚቀበለው፡፡

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ ይህንን ያውቀዋል፡፡ ሞተሩ ያጓራል፣ ዘፈኑ ይጮሃል፣ እኛ እንተኛለን፡፡ ደጀን ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ግን ሁሉም ሰው ይነቃል፡፡ ምንም ድምፅ አልመጣም እኮ! የነበረው ነው የቀረው፡፡ አንጎል ጩኸትን ሳይሆን ለውጥን ነው የሚጠብቀው፡፡

እንዝርቱ

ድምፁ ጆሮ ገብቶ የት ላይ ይቀራል ለሚለው መልሱ ታላመስ ነው፡፡ አንጎል መካከል የተቀመጠ፣ ከሽታ በቀር ከስሜት ሕዋሳት የሚመጣውን ሁሉ ተቀብሎ ወደ ላይ የሚያስተላልፍ ክፍል ነው፡፡ ስንተኛ ከታላመስ የሚነሱ ፈጣን ሞገዶች አሉ፤ መካከላቸው ወፈር፣ ጫፍና ጫፋቸው ቀጠን ስለሚል ፈረንጆቹ እንዝርት ይሏቸዋል፡፡ (እናቶቻችን ቢያዩት ያንኑ ስም ነበር የሚሰጡት፡፡) በ2010 ሀርቫርድ ውስጥ የተሠራ ጥናት ሰዎችን በተለያየ ድምፅ ሲረብሽ አድሮ፣ በተፈጥሯቸው እንዝርታቸው የሚበዛ ሰዎች ጩኸት ተቋቁመው እንደሚተኙ አገኘ፡፡ «እገሌ ቢወጉት አይነቃም» የምንለው ሰው ምናልባት ብዙ የሚፈትል ሰው ነው፡፡

እኛስ ለምን ተነሳን? ይኸም መልስ አለው፡፡ በ2016 አሜሪካ ውስጥ ብራውን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት፣ ሰው በማያውቀው ቦታ በሚያድርበት የመጀመሪያ ሌሊት የአንጎሉ ግራ ክፍል ከቀኙ ቀለል ያለ እንቅልፍ እንደሚተኛና እንግዳ ድምፅ ሲመጣ ፈጥኖ እንደሚነቃ አሳየ፡፡ ሌላ ቀን ሲደገም ልዩነቱ የለም፡፡ በ1999 በዳክዬዎች ላይ ከታየው ነገር ጋር ይዛመዳል፡፡ በመንጋው ዳር ላይ የተኛችው ዳክዬ ግማሽ አንጎሏን አስተኝታ ወደ ውጭ ያለውን ዓይኗን ከፍታ ታድራለች፡፡ ጣና ዳር ማለዳ ወጣ ብላችሁ ወፎቹን ብታዩ የትኛዋ ዘበኛ እንደሆነች ለመገመት ሞክሩ፡፡ ዘጌ ላይ የዳር ዳክዬዎቹ እኛ ነበርን፡፡ በ2022 የታተመ የኦስትሪያ ጥናትም በእንቅልፍ ጊዜ የማናውቀው ሰው ድምፅ ከምናውቀው ይልቅ ብዙ ኬ-ኮምፕሌክስ እንደሚያስነሳ አሳይቷል፡፡ የለመድነው ሰው ይለፍ ይባላል፤ እንግዳው ይፈተሻል፡፡

ሽታ ከታላመስ በቀር ብለናል፡፡ ይህቺ ቀልድ አይደለችምና ጆሮ ስጡን፡፡ በ2004 ሜሪ ካርስካደንና ራቸል ኸርዝ የተባሉ አሜሪካውያን ሰዎች ተኝተው ሳለ ደስ የሚል የናና ሽታና የሚከረፋ የኬሚካል ሽታ አሸተቷቸው፡፡ ከባድ እንቅልፍ ላይ ያሉት ለሁለቱም ምላሽ አልሰጡም፡፡ ድምፅ ሲሰሙ ግን ነቁ፡፡ ሽታ ወደ ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ አይደለም፤ በ2007 ጀርመኖች የጽጌረዳ ሽታ በእንቅልፍ ጊዜ የተማሩትን ለማስታወስ እንደሚረዳ አሳይተዋል፡፡ መቀስቀስ ግን አይሆንለትም፡፡ ስለዚህ «ጢስ ቢኖር ይሸተኝና እነቃለሁ» ብሎ መተኛት የለም፡፡ በየዓመቱ በብርድ ወራት ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው የሚቀሩትን ወገኖቻችንን አስቡ፡፡ የከሰሉ መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ጭራሽ ሽታም የለው፡፡ ከሰሉ ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ፡፡

የባሕር ዳር ሌሊት

ባሕር ዳር ከመቶ ዓመት በፊት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች ትንሽ መንደር ነበረች፡፡ ሌሊቷ የጅብ፣ የውሻ፣ የዶሮ፣ የደወል፣ ከውኃው ወጥቶ ሣር የሚግጥ የጉማሬ ሌሊት ነው፡፡ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን የጦር ካሳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቆመ፡፡ ከሱም ጋር ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሠራተኛ ተፈጠረ፡፡ ቀን የተኛ ሰው ከከተማው ጩኸት ሁሉ ጋር የሚታገለው በራሱ እንዝርት ብቻ ነው፡፡ ቀጥሎ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ መጣ፤ አስፋልቱ፣ መኪናው፣ ሆቴሉ ተከተለ፡፡

ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ሲሉ ጢስ ዓባይ አለ፡፡ ከ45 ሜትር ገደማ የሚወረወረው ውኃ አጠገብ ለዘመናት ሲወለዱና ሲሞቱ የኖሩ መንደሮች አሉ፡፡ በ1956 የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫ ሲሠራ ፏፏቴው ብዙም አልተጎዳም፡፡ በ1993 ሁለተኛው ሲጨመር ግን ውኃው ወደ ተርባይኑ ዞረ፤ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ ብዙው የጣና ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል፡፡ በበጋ ፏፏቴውን ለማየት የሄደ ሰው ጥቁር ገደል አይቶ የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው፡፡ ስለ ቱሪስቱና ስለ ኪሎዋቱ ብዙ ተጽፏል፡፡ እኛ የምናስበው በእንቅልፍ ልባቸው ያንን ድምፅ ሲሰሙ ያደጉትን ነው፡፡ አውቶቡሱ ደጀን ላይ ቆመባቸው፡፡

ዛሬ የትልልቅ ከተሞች ሌሊት የትም አንድ ነው፡፡ ጀነሬተር፣ ባጃጅ፣ ጭፈራ ቤት፣ የየሃይማኖቱ ድምፅ ማጉያ፡፡ (በመጨረሻው ላይ ብዙ ባንናገር ይሻላል፡፡ የድንጋዩ ደወል ግን ያለ ኤሌክትሪክ ሥራውን ይሠራ እንደነበር እንጠቁማለን፡፡) የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ሌሊት ከቤት ውጭ ያለው ድምፅ ከ40 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል ብሏል፡፡ ምክንያቱም ባንነቃም፣ ጠዋት «የቱ ድምፅ?» ብንልም፣ ልባችንና የደም ግፊታችን ሌሊቱን ሲመልስለት አድሯል፡፡

ነገር ግን የባሕር ዳርን ልጅ ጆሮ የለወጠው ባጃጅ አይደለም፡፡ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ሲገደሉ ከተማው ተኩስ ሰምቷል፡፡ ኅዳር 4 ቀን 2013 ሌሊት ሮኬት ወደ አየር ማረፊያው ተተኮሰ፡፡ በሐምሌ መጨረሻ 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በነሐሴ መጀመሪያ ውጊያው ከተማዋ ውስጥ ነበር፡፡ ያ ሁሉ ለተኛው አንጎል ትምህርት ነው፡፡ ለንደን ላይ ስም ሲጠራ የተቀሰቀሰው አሚግዳላ፣ ባሕር ዳር ላይ ሌላ ስም ተምሯል፡፡ መተኮስ የሚመስል ነገር ሁሉ የራስ ስም ሆነ፡፡ አደጋ ያየ ሰው ሌሊት በትንሽ ድምፅ የሚባንነው ፈሪ ስለሆነ አይደለም፡፡ በሩ ላይ የተቀመጠው ዘበኛ የተሰጠውን ሥራ እየሠራ ነው፤ ተረኛው ግን አልተቀየረለትም፡፡

በዚያ ነሐሴ ባሕር ዳር የነበረች አንዲት ጓደኛችን አሁን አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች፡፡ ከግቢው አጥር ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ደወሉ ይደወላል፤ አትሰማውም፡፡ ታች ያለው ሱቅ ግን ማለዳ የላሜራ በሩን ወደ ላይ ሲወረውረው አልጋዋ ጥግ ቁጭ ብላ ነው ራሷን የምታገኘው፡፡ ባለሱቁን ቀስ ብለህ ክፈት ብላ ለመንገር ሁለት ጊዜ ወርዳለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ዳቦ ገዝታ ተመለሰች፡፡